ላልተመዘገበ ልጅ በጀት አይያዝም

መስከረም 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ልጄ በሰፈሯ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል እንዳትመዘገብ በተሰጠው ውሳኔ ላይ የቀረበ ይግባኝ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የስምንት ዓመት ሴት ልጄ በሰፈራችን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳትመዘገብ የተሰጠውን ውሳኔ እንደገና እንድታዩልኝ ነው። ልጄ ዳውን ሲንድሮም ያለባት ናት። ማመልከቻዬን መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ፣ ከዚያም ለእናንተ አቅርቤ ያገኘሁት መልስ ሁለት መስመር ነው። ትምህርት ቤቱ «ልዩ ክፍልም ሆነ በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ መምህር ስለሌለው» ልጄን «ለሚመጥናት ተቋም» እንድወስዳት ይመክራል። ወረቀቱ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አለው። የሚመጥናት የተባለው ተቋም ስም ግን የለውም።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግኩት ማንንም በአደባባይ ለማሳጣት አይደለም። የትምህርት ቤቱንም፣ የክፍለ ከተማውንም፣ የሠራተኞቹንም ስም ያልጠቀስኩት ለዚሁ ነው። ነገር ግን በምዝገባው ሰሞን ከቢሯችሁ ደጅ ተራ ስጠብቅ እንደ እኔ ያለ ወረቀት የያዙ ሌሎች ወላጆች አገኘሁ። የአንዷ ልጅ መስማት የተሳነው ነው፤ የሌላዋ ኦቲዝም አለበት። ወረቀቶቻችንን ጎን ለጎን ስናስተያይ የሁላችንም መልስ ቃል በቃል አንድ ነበር። ሦስት የተለያየ ችግር ያለባቸው ልጆች አንድ ዓይነት መልስ ካገኙ ውሳኔው ልጆቹን አይቶ የተሰጠ ነው ለማለት ይከብዳል። ጥያቄው የእኔ ቤት ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከምዘናው ልጀምር።

ልጄ ተመዝናለች ተብሏል። የሆነው እንዲህ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን፤ ሁለት ሌሎች መምህራንም ነበሩ። «ስምሽ ማን ነው?» ተባለች። ከጃኬቴ ሥር ተሸጎጠች። ደግመው ጠየቋት፤ የጃኬቴን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች እየሳበች ዝም አለች። «ስንት ዓመትሽ ነው?» ሲሏት ፊቷን ጨርሳ ሸፈነች። ቅጹ ላይ «መግባባት አትችልም» ተብሎ ተጻፈና ምዘናው በዚሁ አበቃ። ከአፀደ ሕፃናት ያመጣሁት ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ የገለጠው ሰው የለም።

በዳውን ሲንድሮም ዙሪያ የሚሠራ ማንኛውም ባለሙያ ቢጠየቅ የሚነግራችሁ ነገር አለ። እነዚህ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከሚናገሩት የሚረዱት ይበልጣል፤ ከሰሙት ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ። ንግግራቸው ይዘገያል፣ አንደበታቸው ቶሎ አይፈታም። ብዙዎቹ የመስማት ችግርም ስለሚኖርባቸው ጥያቄው ራሱ በደንብ ላይሰማቸው ይችላል። ስለዚህ ልጄ የተመዘነችው ከሁሉ በሚከብዳት ነገር፣ በማታውቃቸው ሰዎች ፊት፣ በማታውቀው ክፍል ውስጥ ነው። ሌላ ልጅ በዚያ ዕድሜው እንዲህ ቢደረግበት እሱም ከአባቱ ጃኬት ሥር ሊገባ እንደሚችል እናንተም ወላጆች ናችሁና ታውቁታላችሁ።

የምትችለውን ልንገራችሁ። በሰፈራችን ባለ አንድ የግል አፀደ ሕፃናት ስትማር ቆይታለች። አስተማሪዋ በልዩ ፍላጎት አልሠለጠነችም፤ የሚያስተውል ዓይን ግን አላት። ልጄ አንዱን ሥራ ትታ ወደ ሌላው እንድትሄድ ስትታዘዝ እንደምታለቅስ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድማ ስታይ ግን እንደማትቸገር አስተዋለች። ስለዚህ ከፓስታ ካርቶን ረዘም ያለ ቁራጭ ቀደደችና የቀኑን ውሎ በየተራ ሳለችበት፤ መዝሙር፣ ፊደል፣ እጅ መታጠብ፣ ምሳ፣ ጨዋታ፣ ቤት። አንዱ ሲያልቅ ልጄ ራሷ የልብስ መቆንጠጫውን ወደሚቀጥለው ሥዕል ታሻግራለች። ካርቶኑ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ በኋላ ለቅሶው ቀረ። ሌሎቹም ልጆች ወደዱትና «ቀጥሎ ምንድን ነው?» እያሉ መቆንጠጫውን ለማሻገር ይሽቀዳደሙ ጀመር። ዛሬ ልጄ የስሟን ፊደላት ከሌሎች መካከል ለይታ ታወጣለች፣ እስከ 20 ትቆጥራለች (14ን እየዘለለችም ቢሆን)፣ ብቻዋን ትበላለች፣ መጸዳጃ ቤት ብቻዋን ትሄዳለች። ይህ ሁሉ በሪፖርቱ ተጽፏል። የካርቶኑ ወጪ ስንት እንደሆነ ለመገመት የፋይናንስ ባለሙያ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ደብዳቤያችሁ ምክንያት ልምጣ፤ ልዩ ክፍል የለም፣ የሠለጠነ መምህር የለም። እውነት ነው፣ የለም። እኔ የምጠይቀው ለምን እንደሌለ ነው።

ኑሮዬን የምገፋው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነው። ገቢና ወጪ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፣ ፋይል እከፍታለሁ፣ ለሚመለከተው ክፍል እመራለሁ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ በመንግሥት ቤት ያልተመዘገበ ነገር አልነበረም። ባለጉዳዩ ቆሞ ቢምል፣ ምስክር ቢጠራ፣ ገቢ ቁጥር ከሌለው ማመልከቻው አልደረሰንም ይባላል። ልጄ ከበሩ ስትመለስ የሆነውም ይኸው ነው።

ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የተማሪዎቻቸውን ቁጥር በጾታ፣ በዕድሜና በክፍል ለይተው እንደሚያስተላልፉ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች በጉዳታቸው ዓይነት የሚሞሉበት ቦታ አላቸው፤ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ በሚያወጣው የስታትስቲክስ መድብልም ስለ እነሱ ራሱን የቻለ ክፍል አለ። ያ ቁጥር ከትምህርት ቤት ተነሥቶ በወረዳ፣ በክፍለ ከተማ፣ በከተማ እየተደመረ ይወጣል። የትምህርት ቤት ግራንት የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። መምህር የሚመደበውም በተማሪና በክፍል ብዛት ነው። ልጄ በተመለሰችበት ትምህርት ቤት እሷን በሚመለከተው ረድፍ ላይ የሚሞላው ዜሮ ነው። ዜሮ ለሞላ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህር ይመደብልን ብሎ የሚጠይቅ ርዕሰ መምህር የለም፤ ቢጠይቅም የሚፈቅድለት የለም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አባት ልጁን ይዞ ይመጣል። መምህር የለንም ይባላል፣ ይመለሳል፣ ዜሮውም ባለበት ይቀጥላል።

ስለዚህ፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ «አልተዘጋጀንም» የሚለው ምክንያት ከውሳኔያችሁ የሚወለድ ነው። ልጆቹን በመለሳችሁ ቁጥር የምትመልሱበትን ምክንያት ለሚቀጥለው ዓመት ታዘጋጃላችሁ። ይህ ዙር የሚሰበረው አንድ ልጅ ሲመዘገብ ነው። ከላይ በጀት እስኪመጣ እንጠብቅ ከተባለ ግን በጀቱ የሚመጣው በቁጥር ነውና ጠብቀን የምናገኘው ያንኑ ዜሮ ነው።

«የሚመጥናት ተቋም» የተባለውን ፈልጌያለሁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ሥር ልዩ ክፍል ያለው፣ ለእኛ የሚቀርበው የሚገኘው በሌላ ክፍለ ከተማ ነው። ከቤታችን በሁለት ታክሲ ይኬዳል። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ የልብ ክትትል የምታደርግ ናት፤ በዳውን ሲንድሮም ከሚወለዱት ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ነው የሚወለዱት። ገና ጎሕ ሳይቀድ ቀስቅሼ በታክሲ ሰልፍ ላቆማት፣ ማታም እንደዚያው ልመልሳት፣ ሐኪሟም እኔም አንደፍርም። የግል ማዕከላት አሉ፤ የወር ክፍያቸው የእኔን ደመወዝ አይቶ የወጣ አይደለም። በበጎ አድራጎት የሚሠሩት ደግሞ ተራ የሚጠብቁ ልጆች በዝተውባቸዋል።

ስለ እነዚህ ማዕከላት ሲነሣ የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስም በአክብሮት ይነሣል። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ትምህርት ቤቶች በራቸውን ሲዘጉባቸው፣ ከ20 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። እስከ ዕለተ ሞታቸውም የብዙ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ነገር ግን ታሪካቸው ሲነገር ሁልጊዜ ብርታታቸው ይወደሳል እንጂ በመጀመሪያ ለምን ልጃቸው ተመለሰ የሚለው ብዙም አይጠየቅም። አንዲት እናት ልጇን ለማስተማር ትምህርት ቤት መክፈት ነበረባት። ያ አንድ ጊዜ ሆኗል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛና የፀጉር ሠሪ ልጅ ግን እንዲህ ያለ ተአምር ሳይጠበቅባት ደብተሯን ይዛ በሰፈሯ በር መግባት አለባት።

ውሳኔው በቤታችን ያመጣውንም ማወቅ ይገባችኋል። ባለቤቴ በፀጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ መስከረም ሲመጣ ልጃችን ትምህርት ቤት ትገባለች ብለን ለአሠሪዋ ቃል ገብታ ነበር። አሁን ቤት ቀርታለች። ከሁለት ደመወዝ ወደ አንድ ወርደናል፤ የቤት ኪራዩ ግን አልወረደም። የልጄ ታላቅ ወንድም አራተኛ ክፍል ነው፤ የሚማረውም በዚያው እሷን ባልተቀበላት ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን እሱ ቦርሳውን ሲያነሣ እሷም የእሱን አሮጌ ቦርሳ ታነግትና ትከተለዋለች። ጥበቃው በስሟ ይጠራታል፣ ጉንጯን ነካ አድርጎ ሰላም ይላታል፣ ከዚያ እናቷ እጇን ይዛ ትመልሳታለች። ልጁ እኅቱ ለምን እንደማትገባ ጓደኞቹ ሲጠይቁት ምን ብሎ እንደሚመልስ ጠየቀኝ። «ትምህርት ቤቱ ገና አልተዘጋጀም» በል አልኩት። «እኔ ስገባ ተዘጋጅተው ነበር እንዴ?» አለኝ።

ሕግ ለእናንተ ማስታወስ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እየሰጋሁ፣ መልሳችሁ አንድም ሕግ ስላልጠቀሰ ግን እኔ ልጥቀስ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 መንግሥታዊ ተቋማት ሕፃናትን የሚመለከት ውሳኔ ሲሰጡ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኛ ሕፃናት በጉዳታቸው ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለሉ፣ በሚኖሩበት አካባቢ ከሌሎች እኩል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ ይላል። «በሚኖሩበት አካባቢ» የሚለው ለእኛ ቤት ሁለት ታክሲ ማለት አይደለም። ይኸው ስምምነት፣ ከአቅም በላይ ጫና የማያመጣና ለሰውየው የሚያስፈልግ ማስተካከያን መከልከል ራሱ አድልዎ እንደሆነ በአንቀጽ 2 ይተረጉማል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች ስለሚደረግ ድጋፍ ሲናገር በሀገሪቱ አቅም እንደሚወሰን አውቃለሁ። እኔም ሀገሪቱ የሌላትን አልጠይቅም። ሊፍት ይገጠም፣ ከውጭ ባለሙያ ይምጣ አላልኩም። የፊት ወንበር፣ የካርቶን ሥዕልና ትዕግሥት ያላት አንድ መምህርት ነው የጠየቅኩት። ይህ ከአቅም በላይ ከሆነ ሒሳቡ ይታየኝ።

ትምህርት ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2017 ዓ.ም. የሚዘልቅ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት መሪ ዕቅድ ነበረው። የዕቅዱ አንድ ዋና ሐሳብ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች የድጋፍ መስጫ ማዕከላት ተቋቁመው በዙሪያቸው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እንዲያግዙ ነው። ሁሉም ትምህርት ቤት የራሱ ልዩ ክፍልና ባለሙያ እስኪኖረው ልጆች ቤት ይቆዩ አልተባለም፤ ባለሙያው ባለበት ሆኖ ለሌለበት ይድረስ ነው የተባለው። የዕቅዱ ዘመን ባለፈው ዓመት አብቅቷል። በሰጣችሁን ደብዳቤ ላይ ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ ይገኝ እንደሆነ ተጠይቆ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ቃል የለም።

ደግሞም የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱ እንዲገለጽበት ይፈልጋል። ለሦስት ልጆች ቃል በቃል አንድ የሆነ መልስ ምክንያት ነው ለማለት አልችልም።

የሌላውን ወገን ችግር ሳልሰማ ይህን አልጻፍኩም። በአንደኛ ክፍል የምታስተምር አንዲት መምህርት በግቢው አግኝታኝ በቅን ልቦና ያለችኝ አለ። ክፍሏ ሞልቶ ሦስት ልጆች በአንድ ዴስክ ነው የሚቀመጡት። «ልጅዎን ብወስዳትና ባልደርስላት የማዝነው እኔ ነኝ» አለችኝ። ይህን ፍርሃት አከብረዋለሁ። ያለ ድጋፍ ልጄን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ «አካትተናል» ማለትም እሷንም መምህርቷንም መበደል ነው። ግን የመምህርቷ ንግግር ድጋፍ ይሰጠኝ የሚል እንጂ ልጅቷ አትምጣ የሚል አልነበረም። እናንተ ጋ ሲደርስ ነው ወደ «አትምጣ» የተቀየረው።

ሁለተኛው የተነገረኝ ሌሎች ወላጆች ቅር ይላቸዋል የሚል ነው። ቅር የሚላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ የወላጅ ኃጢአት ነው፣ እርግማን ነው የሚል አሁንም አለ፤ በኛም ጓሮ ሰምተነዋል። ነገር ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ይህን አመለካከት የሚያርም እንጂ ከእሱ ፈቃድ የሚጠይቅ ተቋም አይደለም። ደግሞ ከአፀደ ሕፃናቱ ያየሁት ሌላ ነው፤ አብረዋት የተማሩት ልጆች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟት ሮጠው ያቅፏታል። እናቶቻቸውም በእነሱ በኩል ለመዷት።

ሦስተኛው «ለራሷ ብለን ነው፤ ልዩ ክፍል ይሻላታል» የሚል ነው። ለአንዳንድ ልጆች ይህ እውነት ነው። መስማት የተሳነው ልጅ በምልክት ቋንቋ የሚያስተምረው መምህርና በምልክት የሚያወሩ ጓደኞች ያስፈልጉታል፤ ከፍ ያለ ድጋፍ የሚፈልግ ልጅም የተለየ ክፍል ሊሻለው ይችላል። ስለዚህ የምከራከረው ሁሉም ልጅ በአንድ ክፍል ይታጨቅ ብዬ አይደለም። የሚሻለው ምን እንደሆነ በባለሙያ ይታይ፣ ወላጅም ይጠየቅ ነው የምለው። ደግሞም ይሻላታል የተባለው ቦታ በስም ተጠቅሶ፣ ክፍት ቦታ መኖሩ ተረጋግጦ፣ መድረሻ መንገዱ ታስቦ ካልተሰጠ ልጄ በተግባር የተላከችው ወደ ልዩ ክፍል አይደለም፤ ወደ ቤት ነው።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን በአክብሮት እጠይቃለሁ፦

አንደኛ፣ የተሰጠው ውሳኔ ተሽሮ ልጄ በዚህ ወር ውስጥ በሰፈራችን ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል እንድትመዘገብ። ይህ ከከበደ ለመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በሙከራ ትግባና በመንፈቁ መጨረሻ መምህርቷ፣ ባለሙያና እኛ ወላጆች አብረን ተቀምጠን እንገምግም። ስሟ ግን ከመጀመሪያው ቀን በመዝገብ ይስፈር፤ «ታዳሚ» ሆና ሳትመዘገብ እንድትቀመጥ አልስማማም።

ሁለተኛ፣ ምዘናው እንዲደገም። በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ ባለሙያ ባለበት፣ የአፀደ ሕፃናቷ ሪፖርትና የሐኪም ማስረጃዋ ተነብበው፣ ስትጫወትና ስትሠራ ታይታ ትመዘን። ከምዘናውም በመንፈቀ ዓመቱ ምን እንድትማር እንደሚጠበቅ የሚገልጽ በስሟ የተዘጋጀ አጭር ዕቅድ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ በክፍለ ከተማው ካለ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ወይም በቅርብ ካለ የድጋፍ ማዕከል አንድ ሰው በተወሰነ ጊዜ እየመጣ መምህርቷን እንዲያግዝ። ልጄ የምትመደብበት ክፍልም የተማሪው ቁጥር ከሌሎቹ አነስ ያለ እንዲሆን፤ ለመምህርቷ ሲባል።

አራተኛ፣ በክፍለ ከተማችን በልዩ ፍላጎት ምክንያት የተመለሱ ልጆች ዝርዝር እንዲያዝ። ተቀባይነት ያላገኘ ማመልከቻም ገቢ ቁጥር ይኑረው፤ የጉዳቱ ዓይነት፣ የተመለሰበት ምክንያትና የተላከበት ቦታ ይመዝገብ። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ልጆች እንደተመለሱና የት እንደደረሱ ጽሕፈት ቤታችሁ ማወቅ ይችላል። የበጀት ጥያቄ ሲዘጋጅም ይህ ቁጥር አብሮ ይቅረብ። እኔ ለልጄ ከምጠይቀው ቦታ ያላነሰ የምጓጓለት ይህ ነው። ወጪው አንድ የመዝገብ ደብተር ነው፤ አሞላሉን በትርፍ ሰዓቴ ማሳየት ካስፈለገ ሙያዬ ነውና ደስ ይለኛል።

አምስተኛ፣ ልጁ ተቀባይነት ያላገኘለት ወላጅ ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚል በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ። እኔ የመንግሥት ቤት አሠራር ስለማውቅ እዚህ ደርሻለሁ። በሰው ቤት ልብስ አጥባ ልጇን የምታሳድግ እናት ማኅተም ያለበት ወረቀት ስትይዝ ነገሩ ያለቀ መስሏት ትሄዳለች።

ስድስተኛ፣ ይህ ሁሉ ተመርምሮ መልሱ አሁንም እምቢታ ከሆነ፣ ምክንያቱ በልጄ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ በዝርዝር ይጻፍልኝ፤ የምትማርበት ትምህርት ቤት በስም ይጠቀስ፤ ቦታ እንዳለ ይረጋገጥ፤ መጓጓዣዋ እንዴት እንደሚሆንም ይገለጽ።

በእኛ በኩል ደግሞ የምናደርገውን እናሳውቃችሁ። ባለቤቴ መምህርቷ እስክትለምዳት ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በግቢው ውስጥ ለመቆየት ዝግጁ ናት። የአፀደ ሕፃናት አስተማሪዋም መጥታ የካርቶኑን ዘዴ ለአዲሷ መምህርት ለማሳየት ፈቃደኛ ሆናለች። የጤና ክትትሏን ማስረጃ በየጊዜው እናቀርባለን። የማትችለውን ትችላለች ብለን አንደብቅም፤ የምትችለውም እንዳይደበቅባት እንፈልጋለን።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ባለሥልጣን የፈረመበትን ውሳኔ መለወጥ በመሥሪያ ቤት ባህላችን እንደ ሽንፈት እንደሚታይ ከሥራዬ አውቃለሁ። ነገር ግን ሁላችሁም ከመማሪያ ክፍል ተነሥታችሁ ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁት፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ያስተማራችሁ ናችሁ። ቶሎ የማይገባው ልጅ አጋጥሟችሁ፣ ሌላ ዘዴ ሞክራችሁለት፣ በመጨረሻ ሲገባው ያያችሁ ትኖራላችሁ። ልጄ የምትፈልገው ያንኑ አስተማሪነታችሁን ነው።

ትምህርት ተጀምሯል፤ የአንደኛ ክፍል ልጆች ፊደል ጀምረዋል። እያንዳንዱ ያለፈ ሳምንት በኋላ «ከሌሎቹ ወደኋላ ቀርታለች» ለሚል ሌላ ምክንያት መነሻ እንዳይሆን፣ መልሳችሁ ወሩ ሳያልቅ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ለውይይት ብትጠሩኝም በማንኛውም የሥራ ሰዓት እገኛለሁ። ጉዳዩን በቅንነት እንደምታዩት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካልሆነም ሕጉ የሚፈቅደውን ቀጣይ የአቤቱታ ደረጃ እንደምከተል በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር

የተማሪነት ቦታ የተነፈጋት ልጅ አባት

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ለትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት
ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት